እምነትና አመኔታ

በአገራችን «ማመን ቀብሮ ነው» የሚባል የቆየ አነጋገር አለ። አባቶቻችን ይህን ያሉት ሰው ሁሉ ሐሰተኛ ነው ለማለት ሳይሆን፣ ማንም ቢሆን ልቡን ለሰማው ነገር ሁሉ ቸኩሎ እንዳይሰጥ ለማስጠንቀቅ ነው። ምክሩ መልካም ነው። ዳሩ ግን ይህን ምክር ያለ መጠን የያዘ ሰው ሐኪሙንም መምህሩንም ጎረቤቱንም ሳያምን ይኖርና፣ አንድ ቀን የሚቀብረው የገዛ ልጁን ይሆናል። እንግዲህ በዚህ ወር ልንመለከተው የፈለግነው ጉዳይ ይህ ነው፤ ሳይንስ የሚነግረንን ነገር ምን ያህል እንመን? የምናምነውስ በምን ሚዛን መዝነን ነው?

ዛሬ አንዲት እናት ልጅዋ በታመመባት ጊዜ ብዙ ድምፅ ትሰማለች። ጤና ጣቢያው አንድ ነገር ይነግራታል፤ ጎረቤትዋ ሌላ ትላታለች፤ በስልክዋ የደረሳት መልእክት ደግሞ ሁለቱንም ያፈርስባታል። ወደ ንስሐ አባትዋ ብትሄድ ጸሎትና ጠበል ያዙላታል። ልጅዋን የምትወድ ናትና የማንንም ቃል መናቅ አይሆንላትም፤ የሁሉንም ቃል በአንድነት መፈጸም ደግሞ አይቻላትም። በዚህ መካከል የምታባክነው ጊዜ ለሕፃኑ የሕይወትና የሞት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም፤ በየቤታችን፣ በምድጃችን አጠገብ የሚወሰን ጉዳይ ነው።

አስቀድመን ቃሉን እንለይ። «አመነ» ከሚለው ግሥ ሁለት ቃላት ወጥተዋል፤ አንደኛው እምነት፣ ሁለተኛው አመኔታ ነው። እምነት የምንለው ለእግዚአብሔር የምንሰጠው ነው፤ እርሱ አይለወጥምና፣ ሐሰትም የለበትምና፣ ነፍሳችንን ሳንሳሳ እናስረክበዋለን። አመኔታ ግን ሰው ለሰው የሚሰጠው ነው። ገበያ የወረደች ሴት ለነጋዴው ሚዛን አመኔታ ትሰጣለች፤ ሚዛኑ እንደሚያጎድል ያወቀች ቀን አመኔታዋን ትወስዳለች፤ ይህንም በማድረግዋ ማንም አይወቅሳትም። ሳይንስ ከእኛ የሚገባው ይህ ሁለተኛው ነው። እንግዲህ «በእግዚአብሔር ታምናለህን? ወይስ በሳይንስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከመሠረቱ የተሳሳተ ጥያቄ ጠይቋል፤ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ አይደሉምና። ሳይንስን እንደ አምላክ የሚያመልክ ይስታል፤ ሳይንስን የእግዚአብሔር ጠላት አድርጎ የሚሸሽም እንዲሁ ይስታል።

ይህ አመኔታ በምን ላይ ይመሠረታል? በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። ተማሪው ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ የቆጠረውን ቅኔ በጓደኞቹ ፊት ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ምሥጢሩን፣ አገባቡንና ቤት አመታቱን መርምሮ የጎደለውን ያርማል። ተማሪው ለጊዜው ቢያፍርም ቅኔው ይቃናል። የሳይንስም አካሄድ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ተመራማሪው ያገኘውን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳገኘው ጭምር ጽፎ ለእኩዮቹ ያቀርባል፤ እነርሱም ስሕተት ይፈልጉበታል፤ በሌላ አገር ያሉ ሰዎችም ያንኑ ሙከራ ይደግሙታል። ሥራው ይህን ሁሉ ፈተና አልፎ ከቆመ አመኔታ ይገባዋል፤ ካልቆመ ይጣላል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው ምሳሌ የዚህን ሥራ ጠባይ በአጭሩ ያስረዳል። አመኔታው የተመሠረተው በሊቁ ታላቅነት ላይ ሳይሆን ሥራው ለምርመራ ክፍት በመሆኑ ላይ ነው።

ከዚህም ሌላ መልካም ሳይንስ ሕዝቡን ያዳምጣል። ለዚህ ምስክር ለመፈለግ ከአገራችን መውጣት አያስፈልገንም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ስለ ቢልሃርዝያ ለማጥናት ወደ አድዋ ሄደው ነበር። ቢልሃርዝያ በውኃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ወደ ሰው የሚተላለፍ የትል በሽታ ነው፤ በወንዝ የሚጫወቱ ሕፃናትና ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች በቀላሉ ይያዛሉ። ዶክተር አክሊሉ በወንዙ ዳር ሲዘዋወሩ፣ ሴቶቹ በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ስፍራ ይልቅ በዝተው አዩ። እንዶድ እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ለማንጻት ከጥንት ጀምሮ የሚጠቀሙበት ፍሬ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን የልብስ አጣቢዎች ነገር ብሎ በናቀው ነበር። እርሳቸው ግን በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው ከሴቶቹ አንዲቱ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርባቸው ጠየቋት፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ አንድ ጊዜ ማየት ማወቅ አይደለምና። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ድረስ በዚያው በአድዋ እንዶድ በውኃው ላይ እየተጨመረ ውጤቱ ለአምስት ዓመት ተጠና። በመጨረሻም በበሽታው የተያዘው ሕዝብ ቍጥር ከመቶ 63 ወደ 33 ዝቅ አለ፤ ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሆኑ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ። ይህን ያህል ሥራ ተሠርቶ ሳለ በውጭ አገር የነበሩ ታላላቅ ድርጅቶች ውጤቱን ለመቀበል ብዙ ዓመታት አመነቱ። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በተቀበሉ ጊዜ ስለዚሁ ጉዳይ ተናግረው ነበር። በአፍሪካ ሳይንስን ያሰናከለው የገንዘብና የመሣሪያ እጥረት ብቻ ሳይሆን፣ ከዚህ አህጉር መልካም ሳይንስ ሊወጣ ይችላል ብሎ ለማመን የሚቸገሩ ሰዎች አድልዎ ጭምር መሆኑን አስረድተዋል። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ተመራማሪው አጣቢዎቹን ባያከብር ኖሮ ግኝቱ ባልተገኘ ነበር። ሁለተኛ፣ ሳይንስ ራሱ ንጹሕ መንገድ ቢሆንም በመንገዱ ላይ የሚሄዱት ሰዎች ናቸው፤ ሰውም ያዳላል።

ሕዝቡ ደግሞ አመኔታውን የሚሰጠው በትእዛዝ አይደለም። ይህን የፈንጣጣ ታሪክ ያስተምረናል። በአገራችን ዛሬ ክትባት የምንለው ቃል ክታብ ከሚለው ጋር አንድ ሥር አለው፤ ሁለቱም ከተበ፣ ጻፈ ከሚለው የመጡ ናቸው። ዘመናዊው ክትባት ከመምጣቱ አስቀድሞ ከፈንጣጣ ቍስል መግል ወስደው በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ የሚከትቡ የአገር ባለሙያዎች ነበሩ። ይህ ዘዴ ብዙዎችን ከባሰ ሕመም ቢያድንም፣ የሚሰጠው ራሱ ፈንጣጣው ነበረና አልፎ አልፎ በሽታውን ወደ ሌላ መንደር ያዛምት ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር እ.ኤ.አ. በ1796 የሞከረው የላም ፈንጣጣ ክትባት ይህን አደጋ የሚያስቀር ሆነ። እርሱም ቢሆን መነሻውን ያገኘው በላም ፈንጣጣ የተያዙ ላም አላቢዎች ታላቁ ፈንጣጣ አይዛቸውም ከሚለው የባላገሮች ወሬ ነው።

በ1963 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፈንጣጣን ለማጥፋት ዘመቻ ሲጀመር በመጀመሪያው ዓመት ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ኢትዮጵያውያንና ከውጭ የመጡ ሠራተኞች ተራራውን በእግርና በበቅሎ ወጡ፤ የበሽተኛ ሥዕል ያለበትን ካርድ ይዘው በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋልን?» እያሉ ጠየቁ። በሽፍቶች እጅ የወደቁም ነበሩ። በብዙ ቦታ ሕዝቡ መርፌውን አልቀበልም አለ፤ የራሱ ከታቢዎች ነበሩትና፣ እንግዳውንም አያውቀውምና። ትዕግሥት ያልነበረው ሠራተኛ ደጁ ተዘግቶበት ተመለሰ። የአገሩን ሰው ይዞ የመጣ፣ ምግቡን አብሮ የበላ፣ ጥያቄውን የመለሰ ሠራተኛ ግን ተከፈተለት። በመጨረሻ በአገራችን የታወቀው የፈንጣጣ ሕመም በነሐሴ ወር 1968 ዓ.ም. በደቡብ ምሥራቅ ቆላ በአንዲት ትንሽ ልጅ ላይ ታየ። በዓለም ሁሉ በተፈጥሮ መንገድ የመጣው የመጨረሻው ደግሞ በጥቅምት ወር 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ በመርካ ከተማ ተገኘ። የዓለም ጤና ጉባኤ በሚያዝያ ወር መጨረሻ 1972 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከምድር ጠፍቷል ብሎ አወጀ።

በመርካ የታመመው ሰው ታሪክ ሊነገር የሚገባው ነው። የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ነበር። ክትባቱ በእጁ ሳለ ሕመሙን ፈርቶ ሳይከተብ ቀርቶ እንደ ነበረ ኋላ ራሱ ተናግሯል። ከዳነ በኋላ ግን፣ በኋለኛው ዘመኑ፣ በአገሩ ልጆች ከፖሊዮ እንዲከተቡ እየዞረ እናቶችን የሚያስረዳ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስም በዚሁ ሥራ ላይ ነበረ። የፈራ ሰው ፍርሃት ይገባዋል። ስለዚህ የሚፈሩ እናቶችን አላዋቂ ብሎ ከመስደብ ይልቅ የርሱን አብነት መከተል ይሻላል።

ነገር ግን ፍርሃት ሁሉ ከባዶ ሜዳ አይነሣም። «እባብ ያየ በልጥ ይደነግጣል» እንዲሉ፣ በሳይንስ ስም የተሠራ በደል ስላለ ሰዎች የሚጠረጥሩበት ጊዜ አለ። በአሜሪካ በአላባማ ግዛት በተስኪጊ አካባቢ የመንግሥቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ድረስ 600 ያህል ጥቁር ሰዎችን ለጥናት ይከታተል ነበር፤ ከእነርሱም 399 የቂጥኝ ሕሙማን ነበሩ። የበሽታቸው እውነተኛ ምንነት አልተነገራቸውም። ፔኒሲሊን የተባለው መድኃኒት ቂጥኝን እንደሚያድን ከታወቀና በሌላው ሰው ዘንድ ከተለመደ በኋላም፣ የበሽታው ፍጻሜ ይታይ ዘንድ ተከለከሉ። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1972 በጋዜጣ ተጋልጦ ቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ፕሬዚዳንት ክሊንተን በመንግሥቱ ስም ይቅርታ ጠየቁ። የእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ሐኪምን ቢጠራጠሩ ማን ይፈርድባቸዋል? ዕውቀት ፍቅርን ያጣ እንደ ሆነ ሰውን ወደ ዕቃነት ይለውጠዋል፤ የሰው አካል የእግዚአብሔር አምሳል መሆኑን የዘነጋ ምርምር አመኔታ አይገባውም።

ሌላም ዓይነት ክዳት አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ አገር አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ ሐኪም ከሌሎች ጋር ሆኖ በ12 ሕፃናት ላይ ብቻ የተመሠረተ ጽሑፍ ላንሴት በተባለ የሕክምና መጽሔት አወጣ፤ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት ኦቲዝምን ያመጣ ይሆናል የሚል ጥርጣሬም ነዛ። ብዙ ወላጆች ደንግጠው ልጆቻቸውን ከማስከተብ ተቆጠቡ፤ ኩፍኝም በተለያዩ አገሮች እንደ ገና ተነሣ። ሌሎች ተመራማሪዎች ነገሩን ደጋግመው ቢፈትኑት ሐሰት ሆኖ አገኙት። በዴንማርክ ከ650,000 በሚበልጡ ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በክትባቱና በኦቲዝም መካከል ምንም ግንኙነት አላገኘም። መጽሔቱ ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ2010 ሰረዘው፤ ሐኪሙም በዚያው ዓመት የሕክምና ፈቃዱን ተነጠቀ። ሐሰቱን ያጋለጡት አንድ ጋዜጠኛና የሙያ ጓደኞቹ ናቸው። ይሁን እንጂ ወሬው ከእውነቱ ቀድሞ ዓለምን ዞሯልና፣ ከማስተካከያው ይልቅ ስሕተቱን የሰሙ ሰዎች ዛሬም አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል፤ መታረም ማታለል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያ ጤነኛው ሕዝብ ሁሉ አፉንና አፍንጫውን መሸፈን እንደማያስፈልገው ተናግሮ ነበር፤ በግንቦት መጨረሻ ግን በሽታው በሚዛመትበት፣ መራራቅም በማይቻልበት ቦታ ሕዝቡ እንዲሸፍን መከረ። ብዙዎች «ትናንት አንድ፣ ዛሬ ሌላ፤ ታዲያ ምኑን እንመን?» አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም፣ አዲስ በሽታ በመጣ ጊዜ ዕውቀት የሚሰበሰበው ቀስ በቀስ ስለ ሆነ፣ አዲስ ማስረጃ ሲገኝ ቃልን መለወጥ የታማኝ ሰው ሥራ ነው የሚል ነው። ጥፋቱ ገና ያልጠራውን ነገር እንደ ጠራ አድርጎ መናገር ነው። ሊቃውንቱ «ይህን እናውቃለን፤ ይህን ገና አላወቅንም» ቢሉ ሕዝቡ አይንቃቸውም፤ ይልቁንም የሚያውቁትን በነገሩት ጊዜ ይሰማቸዋል።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጊዜ ጠበል የሚጠመቁ አንዳንድ ምእመናን መድኃኒቱን መውሰድ የእምነት ጉድለት መስሏቸው አቋረጡት። መድኃኒቱ ግን በየዕለቱ ካልተወሰደ የታገደው ቫይረስ እንደ ገና ይባዛል፤ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑ፣ እርስ በርሳቸውም እንደማይቃረኑ በይፋ አስተማሩ። ይህ ትምህርት አዲስ አልነበረም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን እንድናስተውል ይመክረናል፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበረ። የአባቶች ቃልና የሐኪሞች ቃል በአንድነት በተሰማ ጊዜ፣ በሁለት ሐሳብ ትጨነቅ የነበረች ነፍስ ታርፋለች። መድኃኒቱን በሥርዓት የሚወስድ ሰው ዛሬ ሠርቶ ይኖራል፤ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እስከማይታይ ድረስ ዝቅ ካለለትም በሩካቤ ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ስለ ጾም ወይም ስለ ቅዱስ ቍርባን ጥያቄ ያለበት ሰውም መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዱ ከማቋረጥ ይልቅ ንስሐ አባቱንና ሐኪሙን ይጠይቅ።

ስለዚህ ለቤተ ሰብ አለቆች የምንመክረው ይህ ነው። አንድ ወሬ፣ በተለይም በስልክ የመጣ፣ በቤታችሁ በተሰማ ጊዜ አራት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ ተናጋሪው ማን ነው? ስሙንና ሙያውን ደብቆ ከሆነ ሚዛኑን እንደ ሸፈነ ነጋዴ ቍጠሩት። ሁለተኛ፣ ይህን በምን አወቀ? አንድ ሰው ዳነ ወይም አንድ ሰው ሞተ ማለት ብዙ ሕዝብ በጥንቃቄ ተመርምሮ ከተገኘው ጋር አይስተካከልም። ሦስተኛ፣ ሌሎች ሊቃውንት መረመሩትን? አራተኛ፣ እኛ ብናምነው ምን ይጠቀማል? መድኃኒቱን የሚሸጠው ራሱ መካሪው ከሆነ ሁለት ጊዜ አስቡ። በነዚህ ጥያቄዎች ሐኪሙንም ብትጠይቁት አይቈጣም፤ ቢቈጣ ጥፋቱ የእርሱ ነው። እናንተም የምታውቁትን አትደብቁት፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላልና፣ ቀድማችሁ የወሰዳችሁትን የባህል መድኃኒት ጭምር ሳታፍሩ ንገሩት። ሕፃን ያላችሁም የኩፍኝ ክትባት በዘጠኝ ወርና በዐሥራ አምስት ወር ሁለት ጊዜ እንደሚሰጥ አስታውሱ፤ በአንዱ ብቻ አትቅሩ።

በሳይንስ ትምህርት ላይ ላላችሁ ልጆቻችንም ቃል አለን። የተማራችሁትን ይዛችሁ ወደ መንደራችሁ በተመለሳችሁ ጊዜ አስቀድማችሁ ስሙ። አያታችሁ ስለ ቅጠሉና ስለ ፍሬው የምትለውን በመሳቅ አትለፉት፤ በጥንቃቄ ፈትኑት እንጂ። እንዶድን ያወቁት አጣቢዎች ናቸው፤ የፈተኑት ሊቁ ናቸው፤ ጥቅሙ የተገኘው ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ ነው። በሽተኛውንም ወንድማችሁ አድርጉት፤ የምታደርጉለትን ነገር ሳትነግሩት አታድርጉበት። ሕዝቡ አመኔታውን የሚሰጣችሁ ስለ ዲግሪያችሁ ሳይሆን ስለ እውነታችሁና ስለ ርኅራኄያችሁ ነው።

ዕውቀትን ለሰው ልጅ የሰጠ እግዚአብሔር፣ ለሚመረምሩት ቅንነትን፣ ለሚሰሙት ማስተዋልን፣ ለሕሙማን ሁሉ ምሕረትን ያድልልን። አሜን።